የጨረር ሕክምና ወረፋና የሕሙማን የመከላከል አቅም

የጨረር ሕክምና ካንሰርን ሲያጠፋ ሊምፎሳይት የተባሉትን የመከላከያ ሕዋሳትም ይቀንሳል። ለጨረር እጅግ ተጋላጭ የሆኑት እነዚህ ሕዋሳት የሚጎዱት ከደም ጋር በጨረሩ መስክ ሲያልፉ ነው። ቁጥራቸው በእጅጉ የሚያሽቆለቁል ሕሙማን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ዝቅተኛ መሆኑን በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ።

የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ማዕከል ከሃያ ዓመታት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ ማዕከል ሆኖ በመቆየቱ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ታካሚዎችም ለዚሁ ሕክምና ወረፋ የሚይዙት እዚያው ነበር። ወረፋው በረዘመ ቁጥር ዕጢው ያድጋል፤ ትልቅ ዕጢ ሰፊ የጨረር መስክ ይጠይቃል፤ በሰፊ መስክም ብዙ ደም ያልፋል። ስለሆነም የወረፋው ርዝመት የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የሊምፎሳይት መጠን በተለመደው የደም ቆጠራ ምርመራ ይታወቃል። ውጤቱ በሪፈር ወረቀት ላይ ቢሰፍር ሐኪሙ በሕክምናው ወቅት ከሚገኘው ጋር ለማነጻጸር ያስችለዋል፤ በተለይም ኤች አይ ቪ በደማቸው ለሚገኝ የማሕፀን በር ካንሰር ሕሙማን።