ከበሮ ከፊት ይቀመጥ

የከበሮ ድምፅ ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል፤ መቀመጫው ግን ከሁሉ በስተኋላ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፥ ክራርን፥ መሲንቆን፥ ዋሽንትንና ከበሮን በአንድ መድረክ አሰለፈ። በሌላውም ዓለም ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ፥ ጆሮዋ ከልጅነት ጀምሮ የደከመ ሲሆን፥ በታላላቅ ኦርኬስትራዎች ፊት ብቻዋን ቆማ ከበሮ ትመታለች።

በወሎ መንዙማ በድቤ ሲዜም የሰማ ሰው፥ ጭብጨባውን የሚያፋጥነውና የሚያረግበው ድቤ መቺው መሆኑን ያውቃል። ታዲያ መሪውን ስለምን አጃቢ እንለዋለን?

በከሚሴ የተመደብህ ወጣት ሹም ሆይ! በዓል ስታሰናዳ ድቤ መቺውን የእንግዳ መቀበያ ብቻ አታድርገው። ወንበሩን ከፊት አኑርለት፤ ስሙንም በፕሮግራሙ ላይ ጻፍለት።