ልጁስ የት ይቀመጥ?

የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ያማራችሁ አንባብያን ቀለሟንና የሞተሯን ድምፅ ለጊዜው ተዉትና የኋላ ወንበሯን እዩ። የብሪታንያ ሕግ፣ ስትሠራ ቀበቶ ባልነበራት አሮጌ መኪና ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ማሳፈርን ይከለክላል። ከሦስት በላይ የሆነውም ከኋላ ብቻ ነው የሚቀመጠው። እንግዲህ ቀበቶ የሌላት ባለሁለት ወንበር ከሆነች ነገሩ እዚያው አበቃ።

ኤም.ጂ.ቢ. ጂ.ቲ. (እ.ኤ.አ. 1965–1980) መለዋወጫዋ በቀላሉ ይገኛል። የኋላው ግን ወንበር ከሚባል መደርደሪያ ቢባል ይሻላል። የአምስት ዓመት ልጅ ይችለዋል፤ ዐሥር ሲሞላው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ከበሩ ሥር ያለውን ብረት በማግኔት ፈትሹት፤ ካልያዘ የምትገዙት ስቱኮ ነው።

ትራያምፍ ስታግ (1970–1977) አራት ሰው ትይዛለች፤ ጣሪያዋም ይነሳል፤ መልኳስ ቢሉ! ዳሩ ግን ባለስምንት ሲሊንደር ሞተሯ በመፍላት የታወቀ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። ሻጩ ሞተሩን ያሳደሰበትን ደረሰኝ ካላሳየ እለፏት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ በ1968 የወጣችውን ሪላያንት ሲሚታር ጂ.ቲ.ኢ. እመርጣለሁ። ልዕልት አንም ከ1970 ጀምረው ደጋግመው የያዟት ይህችኑ ነው። አካሏ ፋይበር ግላስ ስለሆነ አይዝግም (ከሥር ያለው ሻንሲ ግን ይዝጋል፤ ተንበርክካችሁ እዩት)። ሞተሯ የፎርድ ነው። ከኋላ ሁለት ልጆች በደንብ ይቀመጣሉ።

ለማየት ስትሄዱ ልጁንም የልጁን መቀመጫም ይዛችሁ ሂዱ። የኋላው ቀበቶ መቀመጫውን አጥብቆ ካልያዘ ቀብድ አትክፈሉ።