ባቡሩ ሚቃት ላይ አይቆምም

የረመዳን ዑምራ ምንዳው ሐጅን የሚያክል መሆኑን በሐዲስ የሰማን ሁሉ፣ ወሩ በመጣ ቁጥር ቤት ውስጥ አንድ ሐሳብ እናነሳለን፤ ዘንድሮ እማዬን እንላካት፣ ዘንድሮ አባባን እናድርሳቸው። ልጆች ያዋጣሉ፣ ውጭ አገር ያለው ይጨምርበታል፣ ፓስፖርት ይታደሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ሁሉ ለጉዞ ወኪሉ እንተዋለን። እዚያ ያለው መንገድ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተለውጧል፤ የእኛም ዝግጅት አብሮ ሊለወጥ ይገባል እንላለን።

መካንና መዲናን የሚያገናኘው የሐረመይን ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ተመርቆ በጥቅምት ወር መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። ርዝመቱ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጣቢያዎቹ አምስት ናቸው፤ መካ፣ ጅዳ ከተማ፣ የጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ራቢግ አጠገብ ያለው የንጉሥ ዐብደላህ የኢኮኖሚ ከተማ እና መዲና። በአውቶቡስ አምስትና ስድስት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኗል። አያቶቻችን በምጽዋ በኩል በመርከብ ተሻግረው፣ ከመካ መዲና በግመል ዐሥር ቀን ያህል የተጓዙበት በረሃ ማለት ነው።

መዲና ባቡር ስታይ ግን ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛ ያስጀመሩት የሒጃዝ ባቡር ከደማስቆ ተነስቶ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1908 መዲና ገብቶ ነበር። ከየአገሩ ሙስሊሞች ያዋጡበት ሥራ ነው። ወደ መካ እንዲቀጥል ታስቦ ሳይደርስ ቀረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ሐዲዱ እየተቆራረጠ አገልግሎቱ ተቋረጠ። አሮጌው ጣቢያ ዛሬም መዲና ውስጥ አለ፣ ሙዚየም ሆኗል። ጊዜ የተረፈው ቢያየው አይቆጨውም። ያ መንገድ ያልደረሰበትን መካ፣ ይኸኛው ከ110 ዓመት በኋላ በሌላ አቅጣጫ ደረሰበት።

አንዳንድ አዛውንቶች ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም። “ድካም የሌለበት ዑምራ ምን ዑምራ ነው?” ይላሉ። ስሜታቸውን እናከብራለን፤ በዒባዳ ላይ የተደከመ ድካም አላህ ዘንድ እንደማይጠፋም እናውቃለን። ነገር ግን ሰው ራሱ ፈልጎ የሚሸከመው ድካም ሌላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሁለት ልጆቹ ተደግፎ ሲጎተት ያዩትን ሽማግሌ “ምን ሆኖ ነው?” ብለው ጠይቀዋል። በእግሩ ሊሄድ ስለት ገብቶ እንደሆነ ሲነገራቸው፣ አላህ የዚህን ሰው ራሱን ማሠቃየት የሚሻው አለመሆኑን ገልጸው ተሳፍሮ እንዲሄድ አዘዋል። ጉልበቷ የሚያማትን እናት ጾም ይዛ ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ማስቀመጥ ከዚህ ጋር አይሄድም። ጉልበቱ ለጠዋፍና ለሰዕይ ይቆይላት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ውሉ ነው። ብዙ ጊዜ የምንፈርመው ወረቀት ላይ “መጓጓዣን ይጨምራል” ከሚል በቀር ሌላ አይገኝም። በአውቶቡስ ይሁን በባቡር አይገልጽም፤ እኛም አንጠይቅም። ባቡሩ ከአውቶቡስ ይወደዳል፤ በረመዳን የጉዞው ቁጥር ቢጨመርም ወንበሩ ቶሎ ያልቃል። ወኪሉ ርካሹን ቢመርጥ አይገርምም። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆችን የምንልክ ቤተሰቦች ግን ከመፈረማችን በፊት “የመካና የመዲናው መንገድ በምንድን ነው?” ብለን ጠይቀን መልሱን በጽሑፍ ማግኘት አለብን። ለሆቴሉ ኮከብ የምንከራከረውን ያህል ለዚህ ብንከራከር ለእናቶቻችን ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር ሚቃት ነው። ከመዲና ተነስቶ ዑምራ ለማድረግ ወደ መካ የሚሄድ ሰው ኢሕራም የሚያደርገው ዙል ሑለይፋ፣ በተለምዶ አብያር ዓሊ በሚባለው ቦታ ነው። ከመዲና 10 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። አውቶቡስ ሲሆን ችግር የለም። ሹፌሩ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ መስጂዱ አለ፣ መታጠቢያው አለ፣ መሪው ኒያውን እየጮኸ ያስይዛል፤ የማያውቀው ከሚያውቀው ጋር አብሮ ይላል። ባቡሩ ግን እዚያ አይቆምም። ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ በደቂቃ 5 ኪሎ ሜትር የሚነጉድ ነገር ነው፤ እናታችን ወንበሯን አመቻችታ፣ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ስትረጋጋ ሚቃቱ ከኋላ ቀርቷል። ዑምራ ነይቶ ያለ ኢሕራም ሚቃትን ያለፈ ሰው ደግሞ ወይ ይመለሳል፣ ወይ መካ ውስጥ የሚታረድ ፊድያ ይኖርበታል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ቀድሞ ማወቅን ብቻ ይጠይቃል። ትጥበቱ ሆቴል ያልቃል። ወንዱ ሁለቱን ነጭ ጨርቅ እዚያው ለብሶ ይወጣል፤ በባቡር መጸዳጃ ቤት ውስጥ ልብስ መቀየርን ማንም አይመኝ። ሴቷ የተለየ ልብስ የለባትም፣ ኒያዋና ተልቢያዋ ናቸው ዋናው። ኒያው የሚያዝባትን ደቂቃ፣ ባቡሩ ሲነሳ ይሁን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከሚያምኗቸው ኡስታዝ ጋር እዚሁ አገር ቤት ሳሉ ተነጋግረው ቢሄዱ ይበጃል። ታክሲ ይዞ አብያር ዓሊ ደርሶ፣ ኢሕራም አድርጎ ወደ ጣቢያው የሚመለስም አለ፤ አቅሙና ጊዜው ላለው ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የአገራችን ቤተሰቦችን የሚነካ ነገር አለ። ጅዳ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ወይም እህት የሌለው ሰፈር የለም። እናትየው ከመዲና በባቡር ጅዳ ትወርዳለች፣ ልጇ ዘንድ ሁለት ቀን ታድራለች፣ ከዚያ ወደ መካ ሄዳ ሌላ ዑምራ ታደርጋለች፤ ዕቅዱ ያምራል። ከመዲና ስትነሳ ዑምራውን አስባው ከሆነ ግን ሚቃቷ ያው ዙል ሑለይፋ ነው፤ ጅዳ ላይ ማረፏ አይለውጠውም። ስለዚህ ወይ በኢሕራም ሆና ልጇን ትጠይቃለች፣ ወይ መካ ገብታ ዑምራዋን ከጨረሰች በኋላ ወደ ልጇ ትሄዳለች። ሁለተኛው ይቀላል፤ ቲኬት ስንቆርጥ ግን ይህን የምናስብ ጥቂቶች ነን።

ስለ ጾሙም አንድ ቃል። ባቡሩ ቀዝቃዛና ምቹ ስለሆነ የመንገደኛ ፈቃድ ቀርቷል የሚሉ አሉ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ የሰጠው ፈቃድ ከጉዞው ጋር የተያያዘ እንጂ በወንበሩ ምቾት የሚለካ አይደለም፤ ብዙኃኑ ዑለማም የሚሉት ይህንኑ ነው። ያልከበደው ይጹም። የከበዳት እናት በዚያ ቀን አፍጥራ በኋላ ብትከፍል፣ በስልክ “አልጾምሽም እንዴ?” እያልን አናሳቅቃት። የጾመችም ከሆነች ጉዞዋ በመግሪብ ሰዓት ላይ እንዳይውል፣ ከዋለም ቦርሳዋ ውስጥ ተምርና ውኃ እንዳይጠፋ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።

የቀረው የጣቢያው ነገር ነው። የመካው ጣቢያ ሩሰይፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከሐረም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው ያለው። የመዲናው ከመስጂደል ነበዊ ከዚያም ይርቃል፤ ስለዚህ ከጣቢያ ወደ ሆቴል ማን እንደሚያደርሳቸው ከወኪሉ ጋር አብሮ መቋረጥ አለበት። ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ጣቢያ ከ1ኛው ተርሚናል ጋር የተያያዘ ስለሆነ አውሮፕላኑ የትኛው ተርሚናል እንደሚያርፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባቡሩ እንደ እኛ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም፣ ወንበሩም በቁጥር ነው። ቲኬቱ ደግሞ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ሁለቱንም ለማያነቡ ወላጆች የፉርጎውን ቁጥር፣ የወንበሩን ቁጥር፣ የሚወርዱበትን ጣቢያ ስምና የመሪያቸውን ስልክ በአማርኛና በዐረብኛ በትልልቁ ጽፈን፣ ከፓስፖርቱ ጋር አንገት ላይ በሚንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ እናስቀምጥላቸው። በዚያው ወረቀት አናት ላይ “ኢሕራም ከባቡሩ በፊት” ብለን ብንጽፍበትም ቦታ አይጠበውም።