ፎቶው የእኛ፣ ጄሪካኑ የእናቶቻችን

እስኪ ስልካችሁን ክፈቱና ፎቶዎቻችሁን ወደኋላ ሂዱባቸው። ችግኝ ስትተክሉ የተነሳችሁት አንድ ፎቶ አይጠፋም። ጭቃ የነካው ጫማ፣ አረንጓዴ ቲሸርት፣ ሰፊ ፈገግታ። ቀኑ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነው። አሁን ደግሞ ያንኑ ችግኝ የካቲት ላይ ውሃ ስታጠጡ የተነሳችሁትን ፈልጉ። የለም አይደል? የዛሬው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። መትከሉን እንሻማበታለን፤ በፀሐይ ወራት ማጠጣቱን ግን ለሆነ ሰው እንተወዋለን። ያ “የሆነ ሰው” ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናታችን ወይም እህታችን ናት።

ስለ ጫካና ስለ ተራራ አይደለም የማወራው። ስለ ጓሮ ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ ስላለው ጎመንና ቆስጣ፣ ስለ ጤና አዳሙ፣ በር ላይ በቆርቆሮ ስለተተከለው አበባ።

የምኖረው ጊንጪ ነው። ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፋችሁ፣ አምቦ ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ብዙ ሰው “እናንተ ጋ ደሞ ምን ሙቀት አለ?” ይለናል። እውነት ነው፣ ሙቀታችን የአፋር ወይም የጋምቤላ ዓይነት አይደለም። ጥላ ውስጥ ስትገቡ ይቀዘቅዛችኋል፣ ሌሊቱም ብርድ አለው። ግን ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ተክል የሚሞተው በሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ድርቀቱ ነው የሚጨርሰው። ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ፀሐይ በሕይወት ያለፈ ጓሮ ሌላው ወር አያቅተውም።

ታዲያ ይህን የፀሐይ ጊዜ እንዴት እንደምናልፈው ከማን እንማር? ብዙዎቻችን ከስልክ ነው የምንማረው። በቲክቶክና በዩቲዩብ የአትክልት ቪዲዮ ሞልቷል፤ እኔም አያለሁ፣ ጥሩ ጥሩ ነገር አለው። ችግሩ የወቅቱ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ አትክልተኛ “የበጋው መጨረሻ ሙቀት” ሲል ኦገስትን ማለቱ ነው። ኦገስት ደግሞ የእኛ ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ነው፤ ክረምታችን፣ ጎርፋችን። የስልኩ ትርጉም “በጋ” ብሎ ይጽፍላችኋል፣ ቀኑ ግን ነሐሴ ነው። ቀኑን ተከትሎ “ጠዋትና ማታ አጠጡ” የሚለውን የፈጸመ የጊንጪ ልጅ ረግረግ ላይ ውሃ እየጨመረ ነው። የካቲት ላይ ደግሞ ያው ስልክ ከሰሜኑ ዓለም የብርድና የበረዶ ምክር ያመጣለታል፤ ጎመኑ ውጭ በፀሐይ እየተቃጠለ።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር ግን ለዚህ መልስ አለው። በቆየው አከፋፈል በጋ፣ ወይም በግዕዙ ሐጋይ፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። እዚህ አካባቢ በኦሮምኛ ይኸው ደረቅ ወቅት “ቦና” ይባላል፤ ከሱ በኋላ የበልጉ ጊዜ “አርፋሳ” ይመጣል። ስለዚህ ቪዲዮውን እዩ፣ የወሩን ስም ግን እርሱት። “የበጋ መጨረሻ” ሲላችሁ የካቲትና መጋቢት ብላችሁ አንብቡት፤ ያኔ ምክሩ ይሠራል።

ሁለተኛው ነገር አፈሩ ነው። በጊንጪ አካባቢ ያለው አብዛኛው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ የምንለው፣ በኦሮምኛ “ኮቲቻ” የሚባለው። ይህ አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ያጣብቃል፣ ሥር ያፍናል። በበጋ ይጨማደድና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች እዚሁ ጊንጪ ላይ ሲመራመሩበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለት ማረሻ ተጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ተሠርቶ ነበር፤ መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ የክረምቱ ውሃ በቦዩ እንዲወጣ ተብሎ። ለጓሮም የሚሆነው ሐሳብ ይኸው ነው። በክረምት መደባችሁን ከፍ አድርጉ። በበጋ ግን ገልብጡት፤ መደቡን ከዙሪያው ዝቅ አድርጉና ዳር ዳሩን አፈር ከልሉት፣ ውሃው ሸሽቶ እንዳይሄድ። ብዙ ሰው ክረምት ላይ የሠራውን ከፍ ያለ መደብ ሳይነካው የካቲት ይደርሳል፣ ያጠጣው ውሃ በጎን ይፈስና “አፈሩ አይረባም” ይላል።

ስንጥቁን ደግሞ አትናቁት። ስንጥቅ ላይ የምታፈሱት ውሃ ከሥሩ በታች ይወርዳል እንጂ ለጎመኑ አይደርሰውም። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት ላይ ላዩን ኮትኩቱ፤ ስንጥቁ በላላ አፈር ይሞላል። ከዚያ አፈሩን አልብሱት። ደረቅ ሣር፣ የበቆሎ አገዳ፣ የኮባ ቅጠል፣ ያገኛችሁትን። የጤፍ ጭድ ለከብትና ለጭቃ ቤት ስለሚፈለግ ውድ ነው፣ እሱን ለባለቤቱ ተዉለት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ይቅርባችሁ፤ በየቦታው ቢገኝም ለሌላ ተክል የማይስማማ ነገር አለው።

አሁን ወደ ጄሪካኑ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ሒሳብ እንሥራ። በደረቅና ፀሐያማ ቀን አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ 5 ሊትር ገደማ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች የጎመን መደብ ካለቻችሁ በቀን 10 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጄሪካን ለሁለት ቀን። በወር 15 ጄሪካን፣ 300 ሊትር። አንዱ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ግቢ ውስጥ ቧንቧ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት፣ ወይም ከቦኖና ከጉድጓድ ለሚቀዳ ቤት ግን በወር 15 ጊዜ አንድ ሰው ጀርባ ላይ ወጥቶ የሚመጣ ሸክም ነው።

ያ ሰው ማነው? እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ ሪፖርት እንደሚለው፣ ግቢያቸው ውስጥ ውሃ ከሌላቸው 10 ቤተሰቦች በ7ቱ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ይህን ለማወቅ ሪፖርት የሚያስፈልገው የለም፤ በጠዋት መንገድ ላይ መቆም ይበቃል። እና ቤት ውስጥ “ጓሮ እናልማ” ብሎ የተነሳው ልጅ ቪዲዮውን ለቆ፣ ላይኩን ሰብስቦ ሲያበቃ፣ ሥራው ለማን እንደሚቀር ገባችሁ? እናት ወጥ እየሠራች፣ እንጀራ እየጋገረች፣ በላዩ ላይ የልጇን ፕሮጀክት ታጠጣለች። ይህ የጓሮ ልማት አይደለም፣ ሌላ የቤት ሥራ መጨመር ነው።

“እሺ፣ ውሃ ለመጠጥ እንኳ እየጠፋ ለጎመን ይፈስሳል እንዴ?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የመጣ ውሃ መጀመሪያ ለሰው ነው። ነገር ግን ቤታችን ውስጥ አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚደፋ ውሃ አለ። ምስር፣ ሩዝና ጎመን የታጠበበት ውሃ በቀጥታ ለመደቡ ይሆናል። እጅና ፊት የታጠብንበት ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ ለአበባና ለፍራፍሬ ዛፍ ሥር ይሆናል፤ እንደ ሰላጣ ጥሬውን የሚበላ ነገር ላይ ግን አታድርጉት። ኦሞና በረኪና የበዛበት የልብስ ውሃ ይቅር፣ አፈሩን ይጎዳል።

ቀሪው ጥበብ ጠብታ ማዳን ነው። በየቀኑ ላይ ላዩን ከመርጨት በየሁለት ሦስት ቀኑ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥር ወደ ታች ይወርዳል። ሰዓቱ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ። 7 ሰዓት ላይ የጎመንና የዱባ ቅጠል ተኝቶ ብታዩ ወዲያው አትደንግጡ፤ ውሃ ቆጥቦ ነው፣ ማታ ቀና ይላል። ማታም ካልተነሳ፣ ያኔ ጠምቶታል። እርግጠኛ ለመሆን ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ከታች እርጥብ ከሆነ ለነገ ተዉት።

የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ብሱና ውሃ ሞልታችሁ፣ አፉን ወደታች አድርጋችሁ ከቲማቲሙ ሥር ቅበሩት፤ ቀስ እያለ ያጠጣላችኋል። ከዚያም የሚበልጥ አለ፤ ማሰሮ። ሸክላ መሬት ውስጥ እስከ አንገቱ ቀብሮ ውሃ መሙላት ከ2,000 ዓመት በፊት በቻይና በተጻፈ የግብርና መጽሐፍ ላይ ሳይቀር ያለ ዘዴ ነው። ውሃው በሸክላው ገላ እየሰረገ ሥሩን ያጠጣል። ብቻ የሟሸ ማሰሮ አይሆንም፤ ማሟሸት ቀዳዳዎቹን ይደፍናልና አዲሱን ሳታሟሹ ተጠቀሙ። ይህን ለስልክ ትውልድ የምታስረዳው ደግሞ ማሰሮ የምታውቅ እናት ናት፤ ጠይቋት።

ተከራይ ነኝ፣ መሬት የለኝም የምትሉ የማዳበሪያ ከረጢት አፈርና ፍግ ሞልታችሁ ቆስጣ ትከሉበት። የተሰነጠቀ ጄሪካንም ቁረጡት፣ ሥሩን ብሱት፣ መደብ ነው። ዕቃው ጥቁር ከሆነ በፀሐይ ይግላልና በጆንያ ሸፍኑት፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታም ምረጡ። ቤት ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ ባለቤቱም አይቆጣም።

አበባውስ? በውሃ እጥረት ዘመን አበባ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚሁ መንገድ ላይ ባለችው ሆለታ፣ ጽጌረዳ በፕላስቲክ ቤት እየለማ ወደ አውሮፓ ይላካል። የእኛ በር ላይ ግን አንድ ማሰሮ አበባ በዛ ይባላል። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ስለሆነ ንብ ካልመጣ አያፈራም። በበጋ ደግሞ ንብ የምትቀስመው አበባ ያጥራታል። ጓሮአችሁ ውስጥ በሶብላ፣ ጦስኝ ወይም የሱፍ አበባ ካለ ንቧ ትመጣለች፣ ዱባውንም ትጎበኘዋለች። ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ ለሚበላው፣ ቀጥሎ ለአበባው፤ ግን ጨርሶ አትከልክሉት። ደግሞስ ከሥራ ደክማ የምትገባ እናት በሯ ላይ ቀይ ነገር ብታይ ምናችን ይጎዳል?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ዓለም ጉድ ብሏል። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ እንተክላለን፤ መትከሉን አልቃወምም። ግን የተተከለው በክረምት እንደሚቆጠር ሁሉ፣ የተረፈው ሚያዝያ ላይ ይቆጠር። ለአገር የምንጠይቀውን ይህን ቆጠራ በመጀመሪያ ለጓሮአችን እንጠይቀው። በክረምት አምስት ተክላችሁ በሚያዝያ አራት ካላችሁ ጎበዞች ናችሁ። ሃምሳ ተክላችሁ ሁለት ከቀራችሁ ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት አምስት ብቻ ትከሉ፤ የምትሸከሙትን ያህል።

ሐሳቤ ይኸው ነው፦ የተከለ ያጠጣ። በቤታችሁ ይህን ሕግ አድርጉት። ወንድ ልጅ ጄሪካን ሲሸከም የሚስቅ ጎረቤት ካለ ይሳቅ፤ በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል፣ ጎመኑ ሲደርስም ሊጠይቃችሁ ይመጣል። አሁን መጋቢት ነው፣ ፀሐዩ ገና አልበረደም፣ የበልጉም ዝናብ አያስተማምንም። ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ጄሪካኑን ከእናታችሁ እጅ ተቀበሉ።