ልደውል ወይስ ልታገሥ?

እዚህ በዴሳም ሆነ ሶዶ፣ ነርስ የሆነ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። ዛሬ ተመርቀው ገና ሥራ ስለ ጀመሩት እንነጋገራለን።

ለአዲስ ነርስ ከመርፌው ይልቅ የሚከብደው ሌሊት በስምንት ሰዓት ተረኛውን ሐኪም መቀስቀስ ነው። «በትንሽ ነገር አስነሣሽኝ ብሎ ቢቆጣኝስ? ምንም አታውቅም ብባልስ?» ትላለች። ታላቅን ማክበር መልካም ነው። አክብሮቱ ወደ ይሉኝታ ሲለወጥ ግን ዋጋውን የሚከፍለው በሽተኛው ነው።

ታዲያ መቼ ይደወል? በሽተኛው ከነበረበት ሁኔታ ሲለወጥ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ማታ 16 የነበረው እኩለ ሌሊት ላይ 22፣ ከዚያም 26 ከደረሰ፣ የደም ግፊቱ ገና ደህና ቢሆንም እንኳ ሰውነቱ እየታገለ ነውና ንጋትን መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ ትንፋሽ በግምት አይጻፍ፤ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። የላይኛው የደም ግፊት ከ90 ሲወርድ፣ ሲጫወት ያመሸ ሰው መቃዠት ሲጀምር፣ ሽንት ሲቀንስ፣ የወለደች እናት ደሟ አልቆም ሲል ወይም ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲይዛት ወዲያው ይደወል። ሕፃን መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ከደነዘዘም እንዲሁ ነው።

ሲደወል ካርዱ በእጅ ይሁን። አራት ነገር በአጭሩ ይነገር፦ በሽተኛው ማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ተኛ፣ አሁን የታየው ለውጥ በቁጥር፣ የሚፈለገው እርዳታ። «ዶክተር፣ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ» ማለት ድፍረት አይደለም። የተደወለበት ሰዓትም ይመዝገብ። መልስ ከጠፋ ለቀጣዩ ኃላፊ ይደወል። ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚጠራው ጤና መኮንኑ ነው። ወደ ሶዶ ሪፈር የሚያስፈልግ ከሆነ አምቡላንስ የሚጠበቅበትና መንገዱ የሚወስደው ጊዜም ስለሚቆጠር ቀድሞ መናገር ይሻላል።

አስታማሚዎችም ድርሻ አለን። የሰውዬውን ጠባይ ከማንም ይልቅ የምናውቀው እኛ ነንና። በእንግሊዝ አገር ማርታ ሚልስ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ሞተች፤ ወላጆቿ ስጋታቸውን ቢናገሩም በቂ ሰሚ አላገኙም ነበር። ከዚህ የተነሣ በ2024 በስሟ የተጠራ ደንብ በሆስፒታሎች ተጀመረ፤ ስጋት ያደረበት ቤተሰብ ሌላ የሕክምና ቡድን እንዲያይለት መጠየቅ ይችላል። እኛም «ልጄ፣ ከማታው ተለውጧል» ስንል ነርሷ ንዝንዝ አድርጋ አትውሰደው።

ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ ከሌሊት ሥራ ፊቷ ጠቁሮ ስትመለስ «ምን ሆንሽ?» በሉና ስሟት። ደውላ ተቆጥተዋት እንደ ሆነ «ደግ አደረግሽ» በሏት። በመካከላችን ያላችሁ ሐኪሞችም፣ ለከንቱ የተቀሰቀሳችሁ ሲመስላችሁ እንኳ «ስለ ደወልሽ አመሰግናለሁ» በሉ። ያቺ ነርስ በሚቀጥለው ሌሊት ስልኩን ማንሣቷ በዚህ ቃላችሁ ላይ ያርፋልና።