«እርሺው» አንበላት

ጓደኛችን የደረሰባትን ክፉ ነገር ስትነግረን ከአፋችን ቀድማ የምትወጣው ቃል «እርሺው» ናት። መርሳት ብትችል መች ትነግረን ነበር?

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመሩት «ኢ.ኤም.ዲ.አር» የሚባል ሕክምና ተቃራኒውን ይጠይቃል። ታካሚዋ ያንን ትዝታ እያሰበች ግራና ቀኝ የሚሄደውን የባለሙያውን ጣት በዓይኗ ትከተላለች። ሐሳቡ ትዝታው ይጥፋ ሳይሆን ማስደንገጡ ይቀንስ ነው። እኛም መጀመሪያ ስንሰማ ጥንቆላ መስሎን ስቀናል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2013 እንዲህ ላለው የአእምሮ ጉዳት ከመከራቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው። የዓይኑ እንቅስቃሴ ራሱ ምን ያህል እንደሚያግዝ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

ታዲያ ቪዲዮ አይተን ጓደኛችን ላይ እንዳንሞክረው! የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። የእኛ ድርሻ «እርሺው»ን ትተን ቁጭ ብሎ መስማት ነው።