አመዳይ የሌለበት ብርድ

በሐምሌ ወር የናይሮቢን ብርድ ያልቀመሰ ሰው፥ ለምድር ወገብ የቀረበ ከተማ ኹሉ ቆላ ይመስለዋል። ነገር ግን ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ይሰነብታል፤ ፀሐይም አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር አትታይም። በሁርሊንግሃም ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚህ ወራት ጋቢ ደርበው ከቡናው አጠገብ መቀመጥን ይመርጣሉ፤ አልፈርድባቸውም።

እኔ ግን ባለፈው እሑድ ማለዳ ልጄን በሹራብ ጠቅልዬ ወደ አርቦሬተም፥ ማለት ወደ ዛፎች መናፈሻ፥ በእግር ወሰድኋት። ይህ 30 ሄክታር የሚያህል ሥፍራ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. የተመሠረተው ለሽርሽር አልነበረም፤ ለምድር ባቡሩ ማገዶ የሚሆን ዛፍ የትኛው እንደ ሆነ ለመፈተን ነበር። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የመጣበትን ምክንያት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዛሬ በቅርንጫፉ ላይ ጦጣ ይዘላል፤ ቅጠሉም የሌሊቱን ካፊያ በመንገደኛው ራስ ላይ ያንጠባጥባል።

ልጄ ሣሩን ዳስሳ፥ «አባባ፥ በመጽሐፌ ሥዕል ላይ እንዳለው ለምን ነጭ አልሆነም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ መልካም ነበር። አመዳይ የሚታየው ብርድ ስለ ተሰማን ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱ ጥርት ብሎ፥ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ለቅቃ ከዜሮ በታች ስትቀዘቅዝ ነው። የሐምሌ ደመና ግን በናይሮቢ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተዘርግቶ ያንን ሙቀት ይይዘዋል። በአገራችንም ደጋ አመዳይ የሚበረታው በክረምት ሳይሆን ሰማይ በሚጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በዚሁ በኬንያ፥ በፈረንጆች 2012 ዓ.ም. የኬሪቾን ሻይ ውርጭ የመታው በደረቁ ወራት፥ በጥር ነበር።

ከዚህ በኋላ ስለ መንዝ ነገርኋት። ማለዳ ሜዳው ጨው እንደ ተነሰነሰበት ነጭ ሲሆን፥ ስንረግጠውም ሲንኮሻኮሽ፥ እኛ ልጆች ደስ ይለን ነበር። አባቴ ግን ወደ ባቄላው እርሻ ወርደው ቅጠሉን በጣታቸው እያገላበጡ ዝም ይሉ ነበር። ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ሲቀልጥ፥ የተመታው ቅጠል ይጠቁራልና። ያንን ውበት ብሎ ከቤቱ የወጣ አዋቂ ሰው በመንደራችን አላስታውስም።

ልጄ ጥቂት አሰብ አድርጋ፥ «እንግዲያው እዚህ ባይወርድ ይሻላል» አለች፤ እርጥብ እጅዋንም በጋቢዬ ጠረገች።